ወሩ አልሞላም

ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ቢበልጥም በጥቂት ነው። እናቴ የተወለድኩበትን ጊዜ የምታስታውሰው በገብስ ነው፤ «እሸት ሲደርስ» ትላለች፣ የመንዝ ገብስ ደግሞ ዓመት በዓመት በአንድ ቀን አይደርስም። እንግዲህ አሥራ አንድ እንበለው።

ቤታችን ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ፣ ሜዳው አልቆ ገደሉ ሊጀምር ሲል ያለ ነው። ከውጭ ድንጋይ፣ ከውስጥ ጭቃና እበት የተለቀለቀ። ከመካከለኛው ምሰሶ በስተጀርባ፣ ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ፣ ግድግዳው ላይ እጅ ነበረ። እጅ ስል የእጅ ምልክት ማለቴ ነው፤ ጭቃው እርጥብ ሳለ የተጫነ መዳፍ፣ ከነአምስት ጣቱ። ትንሿ ጣት ከሌሎቹ ተለይታ ወደ ውጭ ትታጠፋለች።

እናቴ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ቤቱን ስትለቀልቅ እሱንም ትደፍነዋለች። ያን ሰሞን ግድግዳው ልስልስ ይልና ምንም ያልነበረበት ይመስላል። ጥር ላይ ውርጩ ሲበረታ ግን ልክ እዚያ ቦታ ላይ ጭቃው ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል፣ እጁም ተመልሶ ይወጣል። ሌላው ግድግዳ አይረግፍም። «እማዬ፣ የማን እጅ ነው?» እላታለሁ። «የቤቱ ነው» ትለኛለች። ሌላ አትጨምርም።

ሰው በሌለ ጊዜ ከምሰሶው ጀርባ ቁጢጥ እልና እጄን እከትበት ነበር። መዳፌን እለካበታለሁ። ከዓመት ዓመት ትንሽ ትንሽ እየሞላሁት ሄድኩ። ሌላው ግድግዳ ለብ ብሎ ሳለ እዚያ ቦታ እንደ ወንዝ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእናቴም ቢሆን። በኋላ እመለስበታለሁና ያዙልኝ፤ ለማንም አልተናገርኩም።

አባቴን ከውጭ ለሚያውቀው ደግ ሰው ነው። ለቅሶ ቀድሞ ይደርሳል፤ የሰው በሬ ገደል ሲገባ ገመድ ታጥቆ የሚወርደው እሱ ነው፤ የገዛ እናቱን አንቱ ይላል። ሌላው ሰው ሲቆጣ ይጮኻል አይደል? አባቴ ሲቆጣ ድምፁ ዝቅ ይላል። ዝቅ፣ ዝቅ እያለ ሹክሹክታ ይሆናል። «የት ነበርሽ?» ይላታል እናቴን፣ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃበት የሚጠነቀቅ ይመስል። ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን አልጽፈውም። እናቴ አትጮኽም ነበር፤ የነጠላዋን ጫፍ ትነክሳለች። ስለዚህ ጎረቤት የሰማው ነገር የለም።

የሚሰሙ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ እምዬ። እምዬ የምላቸው የአባቴን እናት ነው። ያን ቤት ከባለቤታቸው ጋር ድንጋይ ተሸክመው የሠሩት እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ሲሞቱ ለልጃቸው ለቀቁለትና ከኛ ጋር ግድግዳ በምትጋራው ትንሽ ጎጆ ገቡ። ጎበጥ ያሉ፣ ሳቅ የማያልቅባቸው ሴት ነበሩ። የቀኝ እጃቸው ትንሿ ጣት ጠማማ ናት። «ምን ሆና ነው እምዬ?» ስላቸው፣ «ጥጃ ስይዝ ገመዱ ጎትቶ አጣመማት። እሱም እኔም እልኸኞች ነበርን» ብለው ይስቃሉ። ልጅ ነኝና የግድግዳውን እጅና የእምዬን እጅ አንድ ላይ አስቤያቸው አላውቅም። አንዱ የቤቱ ነው፣ አንዱ የእምዬ ነው።

አባቴ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ፣ ከግድግዳው ማዶ የእምዬ ውዳሴ ማርያም ከፍ ይላል። እሱ ዝቅ ባለ ቁጥር እሳቸው ከፍ ይላሉ። አንዳንድ ምሽት ደግሞ፣ አባቴ ገና ከውጭ መጥቶ በሩ ላይ የእግሩን ጭቃ ሲያራግፍ፣ ፊቱ ላይ ምንም ሳይታይ፣ እምዬ ይጀምራሉ። ያን ጊዜ እናቴ ታየኛለች፤ እኔም ተነስቼ ወደ በጎቹ ጋጣ እሄዳለሁ። ከምን እንደሚያውቁት አላውቅም። ተሳስተው ግን አያውቁም።

እናቴ ከዚያ ቤት ያልወጣችበት ዓመት የለም። ሞላሌ ወንድሟ ዘንድ ሄደን ነበር። ሽማግሌዎች ተከትለውን መጡ፤ በጋቢያቸው ተሸፋፍነው ተደርድረው ተቀመጡና «ቤት እያላት በሰው ቤት ምን ትሠራለች?» አሉ። ይህ ጥያቄ መልስ የለውም። ቤት አላት። አጎቴ አንገቱን ደፋ፣ እኛም ተመለስን። በመጨረሻው ጊዜ ግን ወደ ወንድሟ አልሄደችም። ጎኗ ተጎድቶ ነበር፤ ትንፋሽ ስትወስድ እዚያው ላይ ይቆረጥባታል። ጎኗን በእጇ ደግፋ መሐል ሜዳ ገባችና አንዲት ክፍል ተከራየች።

ያቺን ክፍል እስከ ዛሬ እወዳታለሁ። ግድግዳዋ በጋዜጣ የተለጠፈ ነው። በሕይወቴ ከዳር እስከ ዳር አንብቤ የጨረስኩት የመጀመሪያው ነገር ያ ግድግዳ ነው፤ ተገልብጦ የተለጠፈውን ሳይቀር፣ አንገቴን አጣምሜ። እናቴ የሰው ልብስ እያጠበች ታመጣለች፣ እኔ አነብላታለሁ። የሩቅ አገር ኳስ ጨዋታ ውጤት ሳነብላት እንኳ «እሰይ» ትላለች።

አንድ ጠዋት አባቴ መጣ።

አልገባም፣ አልተናገረም። ከግቢው በር ትይዩ ካለች ድንጋይ ላይ በርኖሱን ደርቦ ተቀመጠ። ቀኑን ሙሉ ተቀመጠ። ሲመሽ ተነስቶ ሄደ። በማግሥቱም መጣ። ከዚያም በኋላ መጣ። ጉም ሲወርድ መንገዱም ድንጋዩም ይጠፋል፤ ሄደ ማለት ነው እንላለን። የአከራያችን ውሻ ግን ወደዚያው አቅጣጫ አፍጥጦ እንደቆመ ነው። ጉሙ ሲገለጥ፣ አለ። እንደተቀመጠ ነው። ሰው ሲያልፍ ይነሳል፣ ሰላምታ ይሰጣል፣ ይቀመጣል።

አከራያችን ክፉ ሴት አልነበረችም። በሩን ቀስ ብላ አንኳኩታ ገባች።

«እህቴ፣ እንዳትቀየሚኝ። ልቀቂልኝ።»

«ምነው እትዬ? ምን አደረገሽ? ሰደበሽ?»

«ምንም አላደረገኝም። ደኅና ዋልሽ ብሎኛል። ልጆቼን በየስማቸው ጠርቷቸዋል፤ ስማቸውን ከየት አመጣው? እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው ነው። ልቀቂልኝ።»

«ወሩ እኮ አልሞላም።»

«ቢሞላም ባይሞላም። በእመቤቴ፣ ልቀቂልኝ።»

እናቴ አልተከራከረችም። እቃችንን በአንሶላ ስትጠቀልል ግን ለራሷ፣ ለጋዜጣውም ይሁን ለማን፣ ደጋግማ «ወሩ አልሞላም» ትል ነበር። «ወሩ እኮ አልሞላም።» ጉሙ ጥቅጥቅ ብሎ ሲወርድ ጠብቀን በጓሮ በኩል ወጣን። ውሻው አልጮኸብንም። ፊቱን ወደ ድንጋዩ እንዳዞረ ነበር።

መናኸሪያው ጥቅልላችን ላይ ተቀመጥን። የሚኒባሱ ረዳት «ደብረ ብርሃን! የሞላ! አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል።

«እናት፣ ትሄጃለሽ?»

«ማን ዘንድ?» አለችው እናቴ።

ልጁ ግራ ገባው። «እኔ ምን አውቄ? ደብረ ብርሃን ነዋ!» ብሎን ሄደ።

አጠገባችን ቢጫ ጀሪካን የታቀፈች ሴት ነበረች። ሳቋን አፍና ሰማችንና ወደ እናቴ ዘንበል አለች። ጠበል መሄዷ ነው።

«እዚያ ማደሪያ አለ?» አለቻት እናቴ።

«ለጠበልተኛ ጎጆ አለ። እስኪድን ይተኛል፤ ልቀቅ የሚለው የለም። ያንቺ ምንድን ነው?»

እናቴ እጇን ጎኗ ላይ አደረገች። «ጎኔን ይዞኛል።»

«ይኼማ ክፉ ነው» አለች ሴትዮዋ። «ጎን የያዘ ቶሎ አይለቅም።»

ጠበሉ ከገደሉ ስር፣ ከአለት የሚወርድ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ጅብራ በቅሏል። ጅብራን ለማያውቅ፣ ሰው የሚያህል፣ ቀጥ ብሎ የሚቆም ተክል ነው። በጉም ውስጥ ሰው ተሰልፎ የቆመ ይመስላል። ሴትዮዋ «ቀና አትበሉ፣ ጅብራ ነው» እያለች ከፊት ትሄዳለች። እኔ ግን ቀና አልኩ። ካለፍናቸው ውስጥ አንዱ በርኖስ የለበሰ መሰለኝ። ዞሬ ስቆጥራቸው ቁጥሩን ጉሙ አሳተኝ።

በማግሥቱ ተራችን ደረሰ። አጥማቂው አባ ሸምገል ያሉ፣ ልብሳቸው የራሰ፣ ዓይናቸው ርኅራኄ ያለው ቄስ ነበሩ። እናቴ ገባች። ያ በረዶ የመሰለ ውሃ ከላይ ወርዶ የተጎዳው ጎኗ ላይ አረፈ።

ጮኸች።

በዕድሜዬ ስትጮኽ ሰምቻት አላውቅም። ነጠላዋ እዚያ ዳር ተሰቅሎ ነው፤ የምትነክሰው አልነበራትም። ያን ሁሉ ዓመት ያልጮኸችው አንድ ላይ ወጣ። ዝንጀሮዎቹ እንኳ ከገደሉ አፋፍ ተነሥተው ሸሹ። ተሰላፊው ሁሉ «ያዛት! ጮኸባት!» አለና ተሰበሰበ።

አባ መስቀላቸውን አነሡ። «ልቀቅ!»

እናቴ ቀና አለች። ያን ጊዜ ያየሁትን ፊት በኋላም አላየሁባትም። «አልለቅም!» አለች።

«በእግዚአብሔር ስም፣ ልቀቅ!»

«አልለቅም! ወሩ አልሞላም!»

 መንፈስ ሲጠየቅ ስሙን ይናገራል፣ የገባበትን ይናገራል፣ የሚለቅበትን ቀን ይናገራል፤ ይህን እዚያ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። የቤት ኪራይ የሚቆጥር መንፈስ ግን ማንም ሰምቶ አያውቅም። ስለዚህ በሌላ ተረጎሙት። «ቀጠሮ አለው!» አሉ። «ወር ተቀጥሮ ነው የገባባት!» አባም ራሳቸውን ነቀነቁና «እንግዲህ ወሩ እስኪሞላ ትጠመቅ፤ ጎጆ ስጧት» አሉ።

እኔ ልስቅ ነበር። ለአከራያችን መለሰችላት እኮ ነው! ግን ሳቄ ሳይወጣ፣ እናቴ ዓይኗን እንደጨፈነች አንድ ጊዜ ደገመችው። አሁን ጩኸት አልነበረም። «ወሩ... አልሞላም።» ድምፁ ዝቅ፣ ዝቅ ብሎ ሹክሹክታ ሆኖ ነበር። ያን ሹክሹክታ አውቀዋለሁ። የእናቴ አልነበረም።

በጎጆው ሌሎች ሴቶችም ነበሩ። ሕጉ አንድ ነው፤ የዳነ ይወጣል፣ ያልዳነ ይሰነብታል። አመሻሽ ላይ ማገዶ ለቅመን ስንመለስ፣ እነዚያ ጠዋት ሲጮኹ የነበሩ ሴቶች ተያይዘው ይስቃሉ።

«ያንቺው ዛሬ ምነው ዝም አለ?»

«ገበያ ሄዷል። ቅዳሜ ነው እኮ።»

«ጨው እንዲያመጣልን ብትነግሪው ምን ነበረበት!»

ከሁሉ የቆየችው አንዲት ጠይም ሴት ነበረች። ስትመጣ ያዘለችው ልጅ አሁን ውሃ ይቀዳላታል። እሷ አትስቅም። አንድ ቀን የእናቴን ጎን በቅቤ ስታሽላት አጥንቱን በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ፣ «እኅቴ፣ ወር የሚባል ነገር ለምን ተናገርሽ?» አለቻት። «የኔው መንፈስ ቀን አልተናገረም። እስከ ዛሬ አልተናገረም።»

እናቴ ነጠላዋን ጎኗ ላይ መለሰች። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ነገሩ ገብቶኛል። ወሩ ይሞላል። ሲሞላ መንፈሱ ይለቃል፣ ከለቀቀ ድናለች ይባላል፣ የዳነች ሴት ደግሞ ቤት እያላት በጠበል ጎጆ ምን ትሠራለች?

«እማዬ» አልኳት ጠዋት፣ ሰው ሳይኖር፣ «ስትጠመቂ የምትናገሪው አንቺ ነሽ?»

ዞር ብላ አየችኝ። «ምን ብዬ ተናገርኩ?» አለችኝ። የምሯን ነበር የምትጠይቀኝ። ወይም የምሯን ይመስል ነበር። ዛሬ እኔ ራሴ የልጆች እናት ሆኜም ይህን መለየት አልቻልኩም።

ወሩ ሊሞላ ሲል አባቴ መጣ። እምዬን በበቅሎ አስቀምጦ፣ ለእናቴ አዲስ ነጠላ ይዞ። ቦታው ላይ ሲደርስ ጫማውን አወለቀ፣ የአባን መስቀል ተሳለመ፣ ለድኩማኑ ዳቦ አደለ። ሴቶቹ ተጠቃቀሱ።

«ይኼ ነው ባሏ? ታድላ!»

«እናቱን በቅሎ ላይ አስቀምጦ እሱ በእግሩ!»

ጠይሟ ሴት ብቻ ከሩቅ አይታው፣ «የኔም እንዲሁ ነበር» አለች።

አባቴ እኔን ጠርቶ ግንባሬን ሳመኝና በጆሮዬ፣ በዚያ ድምፅ፣ «ነገ ቤታችን እንገባለን» አለኝ።

ጠዋት ሲጠመቁ ሰው ከወትሮው በዝቶ ነበር፤ ቀጠሮው መሙላቱን ሁሉም ሰምቷል። እምዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። አባቴ ከአባ ጎን ቆሟል። እናቴ ውሃው ስር ገባች። ጎኗ ስለተሻላት አልጮኸችም። 

«ወርህ ሞልቷል» አሉ አባ። «ልቀቅ!»

አባ መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አሳረፉ።

«ልቀቅ እልሃለሁ! ከየት ነው የያዝካት?»

ውሃው ብቻ ነው የሚሰማው። ከዚያ ያ ሹክሹክታ መጣ። አባ ለመስማት ጎንበስ አሉ፣ ሰዉም አብሮ ጎንበስ አለ።

«ከግድግዳው።»

«ከየትኛው ግድግዳ?»

«እጅ ካለበት።»

«ከሷ በፊት ማንን ይዘህ ነበር?»

«ባለ ጣቷን።»

ማንም ወደ እምዬ አልዞረም፤ ማን ያውቃል! እኔ ግን ዞርኩ። ከዘራው ላይ የነበረው ቀኝ እጃቸው ቀስ ብሎ ጋቢው ስር ገባ። ሹክሹክታውም እጁ ሲገባ እንዳየ ሁሉ፣ እናቴ ዓይኗን እንደጨፈነች፣ እንዲህ አለ፤

«ጥጃ አልነበረም።»

«ምን አለ?» አሉ ከኋላ ያሉት። «ጥጃ ነው ያለው? የምን ጥጃ?» «እንጃ፣ ጥጃ የለም አለ መሰለኝ።» አንዱ «ከብት ሊያልቅ ነው» ብሎ ተረጎመውና ሰው አማተበ። እምዬ አላማተቡም። 

«ከሷ በኋላስ?» አሉ አባ። ለምን ይህን እንደጠየቁ አላውቅም። «ከሷ በኋላስ ወዴት ልትሄድ ነው?»

«ወደ ትንሿ። እጇን እየለካች ነው። ሊሞላላት ትንሽ ቀርቷታል።»

 ለማንም አልተናገርኩም ብያችሁ አልነበር? መዳፌን ደረቴ ላይ ለጥፌ ይዤ ነበር፤ እምዬ ያን አዩ። መዳፌን አዩ፣ ከዚያ ልጃቸውን አዩ። አባቴ ፈገግ እንዳለ ነው። መንፈስ የሚለፈልፈውን ማን ከቁም ነገር ይቆጥራል!

አባ መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ፤ ድምፃቸው ገደሉን መታው። «በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ! ከዚያ ቤት ልቀቅ!»

እናቴ ወደቀች። ሴቶቹ አንሥተው አለበሷት። ለቀቀ ወይስ አልለቀቀም የሚል ክርክር ተነሣ። እምዬ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡና ወደ አባ ሄዱ።

«አባ፣ ልቀቅ ያሉት ማንን ነው?»

«የያዛትን ነዋ እናቴ።»

«ከቤቱም ጭምር?»

«ከቤቱም ጭምር። በሷ ብቻ አይበቃም፤ ከቤቱ ካልለቀቀ ይመለሳል።»

«እንዲያ ነው የሚባለው» አሉ እምዬ። መስቀሉን ተሳለሙ።

አባቴ ክንዳቸውን ያዘ። «እምዬ፣ ብርዱ ገብቶብዎታል፤ እንሂድ እንጂ። እሷንም በቅሎው ላይ—»

«እሷ ትቆይ» አሉት። «ገና ነው፤ አልለቀቀም።»

እምዬ አልለቀቀም ካሉ ማን ለቀቀ ይላል? ሁለቱ ተመለሱ፣ እኛ ቀረን። በቅሎዋ ጅብራዎቹ መሐል ገብታ እስክትጠፋ ድረስ አየኋቸው። እምዬ ፊታቸውን ወደ ኋላ አላዞሩም።

ከዚያ በኋላ እምዬ ያደረጉትን የነገረን ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነው፤ ከሞላሌ ከመለሱን አንዱ። እሳቸው ራሳቸው አውርተውት አያውቁም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እነዚያኑ ሽማግሌዎች ጠርተው ትልቁ ቤት አስቀመጧቸው። አባቴ ጠላ ይቀዳ ነበር። እምዬ ከምሰሶው ጀርባ ዞሩና ወለሉ ላይ በጎናቸው ተጋደሙ። ሽማግሌዎቹ ታመሙ ብለው ሊያነሷቸው ተነሡ። እሳቸው ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ግድግዳው ላይ ካለው እጅ ውስጥ ከተቱት። ጠማማዋ ጣት ሳትቀር ገባች። ያ እጅ ለምን ያን ያህል ዝቅ ብሎ እንዳለ ያን ጊዜ ለሁሉም ገባቸው። ቤቱ ሲሠራ፣ ጭቃው ሳይደርቅ፣ ባለቤታቸው ጥለዋቸው የተደገፉበት ነው።

ተነሡ። አቧራቸውን አራገፉ። ለልጃቸው፣ «ቤቱ የኔ ነው። ለቅቄልህ ነበር። አሁን ልቀቅልኝ» አሉት።

አባቴ ጠጋ ብሎ በጆሯቸው አንድ ነገር አላቸው።

«ጮክ በል» አሉት፣ «ይስሙህ።»

ጮክ አላለም። በርኖሱን ከግድግዳው አውርዶ ወጣ። በመርሐቤቴ በኩል ቆላ ወረደ አሉ።

እኛን ለመውሰድ እምዬ ራሳቸው በበቅሎ መጡ። ለእናቴ «ቤትሽ ተለቋል» አሏት፣ ሌላ አልጨመሩም። ለእንቁጣጣሽ ቤቱ ሲለቀለቅ ያቺን ቦታ ለማንም ሳይሰጡ በገዛ እጃቸው ደፈኗት። ጥር ላይ ረገፈች። በማግሥቱ ደግመው ደፈኗት።

መኝታቸውንም ከትንሿ ጎጆ አውጥተው በኛ በር ላይ፣ ከውስጥ፣ መድረኩን ዘግተው አነጠፉ። የገባ ሰው እሳቸውን ሳይራመድ አያልፍም። እስኪሞቱ ድረስ እዚያ ተኙ።